የጡጦ ግልገል

ካርዲፍ፣ ሜይ 17 ቀን 1999

ለታላቁ ወንድሜ ለኢድዋል፣

ሰላምታዬ ካንተ አልፎ እስከ በጎችህ ድረስ ይድረስ። ሳልሰናበትህ በመሄዴ ይቅርታ አድርግልኝ። ልሰናበትህ ሞክሬ ነበር፤ አንተ ግን ከትራክተሩ ሳትወርድ እጅህን አወዛወዝክልኝና ሽቅብ ወጣህ። እንኳን ደስ ያለሽ ማለትህ ይሁን፣ ከመንገዴ ላይ ዞር በይ ማለትህ፣ እስካሁን አልገባኝም።

ስልክ መደወሉን ትቼዋለሁ። ባለፈው ሳምንት በደወልኩ ቁጥር አንስተህ «ይበቃናል፣ አንፈልግም!» ብለህ ትዘጋብኛለህ። የእህትህ ድምፅ የመስኮት ሻጭ ድምፅ ይመስላል እንዴ? ጆሮህ እንዲህ ከሆነ በወረቀት እመጣብሃለሁ። ፖስተኛው ኤምሪስ ፖስታ እንደሆነ በረዶም ቢወርድ እቤትህ ሳያደርስ አይመለስም። ደብዳቤዎቼን መንገድ ላይ እንዳያነባቸው ብቻ ንገርልኝ።

በላክልኝ ወረቀት ላይ ወደ ጻፍከው ጥያቄ ልምጣ። አዎ፣ በምርጫው ተሸንፌያለሁ። በገዛ ሸለቋችን፣ በገዛ ጎረቤቶቻችን ፊት በዝረራ ተሸንፌያለሁ። ምክር ቤትም ገብቻለሁ። ሁለቱም እውነት ነው። ሁለት ወረቀት ሰጥተውህ የለ? በመጀመሪያው ሰው ትመርጣለህ፤ ያሸነፈው የወረዳው ተጠሪ ይሆናል። በሁለተኛው ፓርቲ ትመርጣለህ። በየወረዳው ተፎካክሮ ወንበር ላጣ ፓርቲ ከሁለተኛው ወረቀት ማካካሻ ይሰጠዋል። በማካካሻው የሚገቡት ደግሞ ፓርቲው አስቀድሞ ካስገባው የስም ዝርዝር ላይ ነው። በኛ ዝርዝር አናት ላይ የተጻፈው የኔ ስም ነው። ስለዚህ ከባሕሩ ዳር እስከ እንግሊዝ ድንበር ላለው ሰው ሁሉ ተጠሪ ነኝ፤ የማንም ብቻ ግን አይደለሁም። የሸለቋችን ሰው አሁንም ያው አባባ ዕድሜ ልኩን የመረጠው ፓርቲ ሰው ነው።

ደስ ብሎሻል ወይ ብለሃል። ደስ ብሎኛል። አገራችን ገና አሁን ያገኘችው ይህ ምክር ቤት እንጭጭ ሕፃን ነው፤ ክፍሎቹ ቀለም ቀለም ይሸታሉ፣ የት እንደምንቀመጥ እንኳ እርስ በርስ እንጠያየቃለን። ትናንት ተነሥቼ በእንግሊዝኛ ሳይሆን በራሳችን ቋንቋ ስናገር ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። ይህን እናታችን ብታይ ምን ትል ነበር እያልኩ ዋልኩ።

አክባሪህ እህትህ
ቴግዌን


ብሪን ኤይቲን፣ ሜይ 25 ቀን 1999

ቴግዌን፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ኤምሪስ ሳይከፍተው ነው ያመጣው፤ እኔ እስክከፍተው ግን ደጃፍ ቆሞ ጠበቀ።

ነገሩ ገብቶኛል። ጡጦ ነው። ግልገል የእናቱን ጡት ካጣ ጡጦ ይሰጠዋል። ጡት ላገኘ ጡጦ አይሰጠውም። ይህን ለማለት ነው ሙሉ ገጽ የጨረስሽው? አንቺ የጡጦ ግልገል ነሽ። የጡጦ ግልገል ደግሞ ታውቂያለሽ፤ ሰው ይወዳል፣ ወጥ ቤት ይገባል፣ ሲጮህ ቤቱን ሁሉ ያውካል። ስለዚህ ቦታሽን አግኝተሻል ማለት ነው።

እዚህ ስም ወጥቶልሻል። ኤምሪስ ፖስታ፣ ዳይ ወተት፣ ጌራይንት አጫራች እንደሚባለው አንቺም ቴግዌን ዝርዝር ሆነሻል። እኔ አላወጣሁትም። አልከለከልኩምም።

ብትጠይቂኝ አልዋሽሽም፤ በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ለአባታችን ፓርቲ ነው የሰጠሁት። አትቆጪ። እርሳሱን ስይዝ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከኋላዬ የቆመ ይመስለኛል። ሁለተኛው ላይ ግን ለአንቺ ሰጥቻለሁ፤ እሱን ሳደርግ ዓይኑን ይጨፍንልኛል ብዬ ነው።

ስለ ጆሮዬ ያልሽውን አይቻለሁ። ምንም አልሆንኩም፤ ሰዎች ናቸው ማጉረምረም ያበዙት።

ወንድምሽ
ኢድዋል


ካርዲፍ፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2008

ወንድምዓለም፣

የሰማኸው እውነት ነው። ከሬዲዮ ቀድሜ እኔው ልነግርህ ይገባኝ ነበር፤ ይቅርታ። ለነገሩ ያንተን ሬዲዮ ጎረቤቱ ሁሉ በየቤቱ ሆኖ ይሰማዋል አሉ፤ ስለዚህ ሸለቆው በሙሉ እኩል ነው የሰማው።

ምክትል ሚኒስትርነቱን ትቻለሁ። አባረሩሽ ወይ ላልከው፣ አላባረሩኝም። እንዲያውም ሥልጣኑን ከያዝኩ ዓመት እንኳ ሳይሞላኝ ምን ነካሽ ብለው ለምነውኛል። የኩም ድራይኖግ ትምህርት ቤት ይዘጋ የሚል ሐሳብ ጠረጴዛችን ላይ መጣ። ልጆቹ ጥቂት ናቸው፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ ወጪው አይመጥንም የሚል ነው። እኔና አንተ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ፊደል የቆጠርንበት ቤት ነው። በያዝኩት ወንበር ላይ ሆኜ ያን ሐሳብ ቢያንስ አፌን ዘግቼ ማሳለፍ ነበረብኝ። አፌን መዝጋት ደግሞ አልተፈጠረብኝም፤ አንተም ታውቃለህ።

ያዘንከው ለመኪናው እንደሆነ ከደብዳቤህ ገብቶኛል። መኪናውን ከነሹፌሩ መልሻለሁ፤ አሁን ከሰው እኩል በባቡር እሄዳለሁ። እንቅልፌም ተመልሷል። ሦስቴ ተመርጬ፣ ሦስቴም በዝርዝር ገብቼ፣ ሰው ሁሉ በጓሮ በር ገባች እያለኝ ስኖር እንዲህ ቀጥ ብዬ የቆምኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

አሁን አንድ ነገር ልለምንህ። በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ስለ ትምህርት ቤቱ ክርክር አለ፤ ተራ አባል ነኝና እንደ ልቤ እናገራለሁ። ናልኝ። ይኸው እስከ ዛሬ «ሽለታ ነው፣ አጨዳ ነው፣ በጎቹ ሊወልዱ ነው» እያልክ አንድ ቀን እንኳ ረግጠኸው አታውቅም። በጎችህ ያኔ ገና አይወልዱም፤ ይህን የሚያሰላ ሰው ምክር ቤት ውስጥ አይጠፋም። ኤምሪስ ፈቃድ ወስዶ በመኪናው ሊያመጣህ ተስማምቷል። ጫማህን ብቻ ጥረግ።

እህትህ
ቴግዌን


ብሪን ኤይቲን፣ ማርች 7 ቀን 2008

ቴግዌን እህቴ፣

በሰላም ገብተናል። ኤምሪስ መንገዱን ሁሉ ሲያወራ ነው የመጣው፤ እኔ ደግሞ መንገዱን ሁሉ የሰማሁ መስዬ ራሴን ስነቀንቅ ነው የመጣሁት፤ ሁለታችንም ደስ ብሎናል። ሻይ ሳትጠጣ ለምን ሄድክ ብለሽ ተቆጥተሻል። ልንገርሽ።

የምክር ቤቱ የእንግዶች ሰገነት ላይ ስንቀመጥ ወንበሩ ላይ የጆሮ ማዳመጫ ነበረ፤ ሌላው ሲያደርግ አይቼ እኔም አደረግኩት። አንቺ ተነሣሽ። አፍሽ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ጆሮዬ ውስጥ ግን የሚናገረው ወፍራም ድምፅ ያለው ወንድ ነው፣ ያውም በእንግሊዝኛ። «ካርዲፍ ሰውን እንዲህ ታደርጋለች እንዴ?» ብዬ ኤምሪስን ጠየቅኩት። በሹክሹክታ መስሎኝ ነበር። ሰገነቱ በሙሉ ዞሮ አየኝ። አንቺም ቀና ብለሽ ሳቅሽን ስትውጪ አይቻለሁ፤ አትካጂ።

አንዲት አስተናጋጅ መጥታ ማዞሪያውን ነካ አደረገችልኝ። ከንፈሯን አይቼ ነው የገባኝ። «ያኛው አስተርጓሚው ነበር፣ አባቴ፤ ይሄኛው ራሷ ናት» አለችኝ።

ከዚያ አንቺ መጣሽ።

ድምፅሽን ከሰማሁ ስንት ዓመት ሆኖኛል? እቤት ስትመጪ ፊትሽን አይቼ እገምታለሁ እንጂ አልሰማሽም፤ ግማሹን ዝም ብዬ ነው እሺ የምልሽ። እዚያ ግን ቃሉ ሁሉ ገባኝ፤ ትንፋሽሽ ሳይቀር። የዓረፍተ ነገርሽ መጨረሻ ላይ እንደ እናታችን ድምፅሽን ዝቅ ታደርጊዋለሽ። ይህን አላውቅም ነበር። አለቀስኩ። ኤምሪስ ለሰው ሁሉ መንገሩ አይቀርምና እኔው ልቅደመው ብዬ ነው። እንዲህ ሆኜ ሻይ ቤት ገብቼ ከትልልቅ ሰዎች ጋር ዳቦ መቁረስ አልቻልኩም።

ስለ ትምህርት ቤቱ ምን እንዳልሽ ግን አትጠይቂኝ። ድምፁን ነበር ስሰማ የነበረው።

ኢድዋል


ካርዲፍ፣ ማርች 19 ቀን 2008

ኢድዋል ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ቢሮዬ ውስጥ አነበብኩት፤ ከዚያ በሩን ዘግቼ ደገምኩት። አሁን ወሬ ልንገርህ። ትምህርት ቤቱ አይዘጋም። ጣሪያውን ሊጠግኑት ነው። የኔ ንግግር አይደለም ያዳነው፤ የእናቶቹ ፊርማና የዚያች የወጣቷ የእንስሳት ሐኪም፣ የማሬድ ቤብ ጩኸት ነው። በሸለቋችን በተደረገው ስብሰባ ላይ የተናገረችውን ሰው ነግሮኝ ተገርሜያለሁ።

ቆይ ግን፣ አንድ ነገር አልገባኝም። በማዳመጫ ይህን ያህል ከሰማህ፣ ሐኪም ቤት የሰጡህ የጆሮ መስሚያ የት ገባ? ባለፈው የገና በዓል ሳየው መሳቢያ ውስጥ ከቁልፍና ከሲባጎ ጋር ተቀምጦ ነበር። አፍረህ ነው? ባንተ ዕድሜ ማን ያይሃል? በጎቹ?

ቴግዌን


ብሪን ኤይቲን፣ ማርች 28 ቀን 2008

ቴግዌን፣

አላፈርኩም። ሳልነግርሽ የቀረሁት ስለምትስቂብኝ ነው። በይ እንግዲህ ሳቂ።

መስሚያው ያፏጫል። ቆቤን ሳደርግ ያፏጫል፣ ራሴን ሳዘነብል ያፏጫል። እኔ አልሰማውም፤ ፍሎስ ግን ትሰማዋለች። ይህችን ውሻ ገና ቡችላ ሳለች ጀምሬ ሳሠለጥናት ረዘም ያለ አንድ ፉጨት ማለት ተኚ ማለት ነው። ባለፈው መኸር ኮረብታው ላይ መንጋውን ወደ በሩ እየነዳች ሳለ መስሚያዬ አፏጨ። ዘፍ ብላ ተኛች። በጎቹ በግራም በቀኝም ተበተኑ። እኔ ምን ነካት እያልኩ «ተነሺ!» ስላት ትነሣለች፤ ቀና ብዬ ሳያት እንደገና ያፏጫል፤ እንደገና ትተኛለች። ዳይ ወተት ከመንገዱ ዳር ቆሞ ዓይኑ እስኪያለቅስ ሳቀብኝ። ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረብኝ፤ ውሻዋን መረጥኩ።

ድምፅሽን ስፈልግ ካርዲፍ እመጣለሁ። እዚያ ውሻ የለኝም።

ኢድዋል


ካርዲፍ፣ ኦክቶበር 4 ቀን 2010

ወንድምዓለም፣

ከጤናህ በፊት ይህን ልንገርህ፤ ማሬድ ቤብ እሺ አለችኝ! ለሚመጣው ምርጫ በሸለቋችን የኛ እጩ ሆና ትወዳደራለች። እስክትስማማ ድረስ ሁለት ክረምት ነው የለመንኳት። አንድ ጊዜ እንዲያውም የታመመች ላም ሥር ተንበርክካ ሳለ ነው የለመንኳት፤ ላሟ ቀድማ እሺ ያለችኝ ይመስለኛል።

አዎ፣ እኔም አለሁ፤ በዝርዝሩ ላይ። ሕጉ ከተለወጠ ወዲህ አንድ ሰው በሁለቱም በኩል መወዳደር አይችልም። ስለዚህ እሷ በወረዳው፣ እኔ በዝርዝሩ።

ለምን ደብዳቤዬ እንዳጠረ ጠይቀሃል። ሥራ በዝቶ ነው። ሌላ አዲስ ነገር የለም። የላክልኝ የዘቢብ ዳቦ ደርሷል፤ ቢሮው በሙሉ በላው፣ ተቃዋሚዎች ሳይቀሩ። ያንተ እጅ እንደሆነ ማንም አላመነኝም።

ቴግዌን


ካርዲፍ፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 2011

ኢድዋል፣

ማን ነገረህ? ኤምሪስ ነው፣ አይደል? ይህ ሰው ፖስታ ማደል ትቶ ሒሳብ ማስተማር ነበረበት።

አዎ፣ እንደዚያ ነው። ጡት ላገኘ ጡጦ አይሰጠውም ያልከው አንተው ራስህ ነህ። ማሬድ ወረዳውን ካሸነፈች ፓርቲያችን ማካካሻ አያስፈልገውም፤ ዝርዝሩ ላይ ያለው ወንበር ለሌላ ይሄዳል። ያ ወንበር የኔ ነው። እሷ ከገባች እኔ እወጣለሁ፤ እሷ ከተሸነፈች እኔ በወንበሬ እቀራለሁ።

አይ፣ አላታለሉኝም። እንድትወዳደር ስለምናት አውቄው ነው። ማሬድም ስታውቅ እንደ ልጅ አልቅሳ ልትተወው ነበር፤ ገሥጬ ነው የመለስኳት።

ለምን ላልከው ደግሞ እውነቱን ልንገርህ። አሥራ ሁለት ዓመት የሁሉም ሰው ሆኜ ኖርኩ። የማላውቀው መንደር የለም፣ ያላየሁት የተበላሸ ድልድይ የለም፤ ደስ ብሎኝ ነው የሠራሁት። ግን ሥራዬ ሁሉ ሸለቋችን አንድ ቀን ከአያት ከአባቱ በወረሰው ፈንታ አስቦ የመረጠውን ሰው እንዲልክ ነበር። ያ ቀን ደጃፍ ላይ ቆሟል። በሩን ይዤ የቆምኩት እኔው እንድሆን አልፈልግም። እፈራለሁ ወይ? አዎ፣ እፈራለሁ። ወንበሬን እወደዋለሁ፣ ኢድዋል። ይህን ካንተ በቀር የምነግረው የለኝም።

ለማንም እንዳትናገር። በተለይ የበጎቹ ጨረታ ገበያ ላይ።

ቴግዌን


ብሪን ኤይቲን፣ ማርች 12 ቀን 2011

ውድ እህቴ፣

ዛሬ የምሥራች ይዤልሽ መጥቻለሁ፤ ስለዚህ ተቀምጠሽ አንብቢው።

ለማንም አትናገር ባልሽኝ መሠረት ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ባለፈው ሐሙስ ግን ጨረታው ላይ ጌራይንት አጫራች ስለ ማሬድ ሲጠይቀኝ፣ ሰው ነኝና አላስቻለኝም፤ ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ በምስጢር ነገርኩት። ምስጢሩን ስጨርስ ጨረታው ቆሞ ነበር። በጎቹ እንኳ ዝም ብለው ያዩኝ ነበር።

ከዚያ ምን ሆነ መሰለሽ? ሁሉም ተነሣ! «ቴግዌን ዝርዝርን ልናጣ ነው እንዴ?» አሉ። የትምህርት ቤቱን ነገር ማን ይረሳል? እዚያው ተስማማን። ቴግዌንን የሚወድ ሁሉ በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ማሬድን አይመርጥም፤ የአባቶቻችንን ፓርቲ ይመርጣል። በሁለተኛው አንቺን ይመርጣል። እሁድ በጸሎት ቤቱ ሴቶቹም ተስማምተዋል፤ ሻይ የምትቀዳው ጊነቭ እንዲያውም እየዞረች ታስረዳለች። ዳይ ወተት ከጠርሙሱ ጋር ወሬውንም ያደርሳል።

ወንበርሽ የትም አይሄድም። አይዞሽ።

ወንድምሽ
ኢድዋል


ካርዲፍ፣ ማርች 15 ቀን 2011

ኢድዋል፣

ሰላምታ የለኝም።

እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ ሊሠራ የሚችል ያንተ ገበያ ብቻ ነው። ሰውን ስለምትወዱት የምትቀጡት እናንተ ብቻ ናችሁ! ማሬድ በየቤቱ እየሄደች በር ስታንኳኳ ሰው ሁሉ ሻይ ያጠጣታል፣ ኬክ ያበላታል፣ «በጣም ጎበዝ ነሽ፣ ግን አንመርጥሽም፤ ቴግዌንን እንወዳታለን» ይላታል። ልጅቷ ስልክ ደውላልኝ ልስቅ ወይስ ላልቅስ አለችኝ።

ለምን በእኔ ስም? አንድ ጊዜ እንኳ ምን ትፈልጊያለሽ ብለህ ጠይቀኸኛል? ነግሬህ ነበር፤ በጽሑፍ ነግሬህ ነበር፤ መስማት አያስፈልገውም ነበር። ወንበሬ የሚቀረው እሷ ስለተሸነፈች ሳይሆን እናንተ ስላስቀራችኋት ከሆነ፣ አንድ ቀን እንኳ አልቀመጥበትም። እንደማደርገው ታውቃለህ፤ መኪናውን መልሻለሁ።

ያፈረስከውን ራስህ ሥራው።

ቴግዌን


ብሪን ኤይቲን፣ ኤፕሪል 17 ቀን 2011

ቴግዌን፣

ሳልጽፍልሽ ወር አለፈ። ይቅርታ። አኩርፌ አይደለም፤ ማለት በመጀመሪያው ሳምንት አኩርፌ ነበር፤ ከዚያ በጎቹ መውለድ ጀመሩ፣ ወገቤም ትንሽ ያዘኝ። ትንሽ ነው። አትምጪ።

ለምን እንዳደረግኩት ልንገርሽ፤ ከዚያ የፈለግሽውን በይኝ። እዚያ ክፍል ውስጥ ነው አንቺን የሰማሁሽ። ሌላ የትም አልሰማሽም። ከዚያ ወዲህ ሁለቴ መጥቻለሁ፤ አንዱን ጊዜ ደግሞ አልነገርኩሽም፤ ኋላ ተቀምጬ ሰምቼሽ ሄድኩ። ስለ ወንዝ ዳር አጥር ነበር የምታወሪው። ወንበርሽ ሲሄድ ድምፅሽም ይሄዳል ብዬ ፈራሁ። ላንቺ ያዘንኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ለራሴ ነው።

ማሬድ መጥታ ነበር። በረቱ ውስጥ አንዲት እናት በግ ግልገሏ በተቃራኒው ዞሮባት እኔ አጠገቧ ተጋድሜ፣ ወገቤ አላንቀሳቅስ ብሎኝ ነበር። ልጅቷ የያዘችውን የቅስቀሳ ወረቀት አፈሩ ላይ አስቀምጣ፣ ካፖርቷን አውልቃ፣ እጅጌዋን ሰበሰበች። ክንዷ እስከ ክርኗ በጓ ውስጥ እንዳለ ቀና ብላ፦

«ቴግዌን እንድትቀር እኔን አትምረጡ የምትለው አንተ ነህ አሉኝ፣ ጋሽ ኢድዋል» አለችኝ፤ እየጮኸች።

«ነኝ» አልኳት።

«ጥሩ። እግሯን ያዝልኝ» አለችኝ።

መንታ ነበሩ። ሁለቱም ደህና ናቸው። ከዚያ እኔንም ከመሬት አነሣችኝ፤ ለወገቤ የሰጠችኝ ቅባት የፈረስ ነው፣ ግን ይሠራል። ድምፅ ስጠኝ አላለችኝም። ወረቀቷንም ረስታው ሄደች።

ሐሙስ ዕለት ጨረታው ላይ ጌራይንትን ማይክ ስጠኝ አልኩት። «አንተ ማይክ ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። መድረኩ ላይ ወጥቼ «ቴግዌንን የሚወድ የምትለውን ያድርግ! ማሬድን ምረጡ ብላለች!» አልኩ። ዳይ ወተት ከኋላ ሆኖ «ባለፈው ወር ሌላ አልነበር እንዴ ያልከው?» አለ፤ ጌራይንት ጽፎ አሳየኝ። «ባለፈው ወር አልተቆጣችኝም ነበር!» አልኩት። ሳቁ፤ መሳቃቸውን አየሁ። ለጊነቭም ለብቻዋ ሄጄ ነግሬያታለሁ፤ እሷን መመለስ ከሁሉም ከበደኝ።

እኔ ራሴ ምን እንደማደርግ ግን አልነግርሽም፤ አላውቀውማ። አባባ አሁንም ከኋላዬ ነው የሚቆመው።

ኢድዋል


ካርዲፍ፣ ሜይ 8 ቀን 2011

ወንድምዓለም፣

እስካሁን ኤምሪስ ነግሮሃል፤ ቢሆንም ከኔ እጅ ይድረስህ። ማሬድ በጥቂት ድምፅ አሸነፈች፤ በጣም በጥቂት፣ ደግመው እስኪቆጥሩ ድረስ። ውጤቱ ሲነበብ ልጅቷ እኔን ነበር የምታየው። እኔ ደግሞ ከሁሉ ቀድሜ አጨበጨብኩ፤ ማስመሰል አልነበረም። ትንሽ ቆይቶ የዝርዝሩ ውጤት ተነበበ፤ ስሜ የለም። ለሱም አጨበጨብኩ፤ እሱ ላይ ትንሽ አስመስያለሁ።

ደህና ነሽ ወይ ብለህ በትልልቅ ፊደል ጽፈሃል። ደህና ነኝ። እውነቴን ነው። ዛሬ ጠዋት ቢሮዬን ሳጸዳ ስዘፍን ያዙኝ። ትምህርት ቤቱ አለ፤ ጣሪያው አያፈስም። ሸለቋችን የራሱን ሰው ልኳል። የጽዳት ሠራተኞቹ፣ አስተርጓሚዎቹ፣ ያ በወፍራም ድምፅ እኔን ሲሆን የኖረው ሰውዬ ሳይቀር እየመጡ ተሰናበቱኝ። «ከእንግዲህ የማንን አፍ ልዋስ?» አለኝ።

አዝነሻል ወይ ላልከው፣ አንድ ነገር ብቻ አሳዝኖኛል። ዕቃዬን ከጨረስኩ በኋላ ሰገነቱ ላይ ወጥቼ አንተ የተቀመጥክበት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ማዳመጫውን አደረግኩት። ከታች ማንም አልነበረም፤ ዝም ያለ ነገር ነው። ያን ጊዜ ነው ደብዳቤህ የገባኝ። ስለ ወንዝ ዳር አጥር ሳወራ መጥተህ ሰምተኸኝ መሄድህ! ማንም ያላዳመጠው ንግግር ነበር እኮ፤ እኔ ራሴ እንኳ በደንብ አላዳመጥኩትም።

ኢድዋል፣ ድምፄ የምክር ቤቱ ንብረት አይደለም። ይዤው ነው የምወጣው።

ለማን እንደሰጠህ አልጠይቅም። ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ለዕረፍት ሳይሆን ለመኖር። ክፍሌ ውስጥ የደረደርከውን የማዳበሪያ ከረጢት አውጣልኝ።

እህትህ
ቴግዌን


ብሪን ኤይቲን፣ ሜይ 11 ቀን 2011

ቴግዌን እህቴ፣

ከረጢቶቹን አውጥቻለሁ። ክፍልሽን ለሁለት ቀን መስኮቱን ከፍቼ አናፍሼዋለሁ፤ ትንሽ ትንሽ ይሸታል፣ ትለምጂዋለሽ። ቅዳሜ የበግ ሾርባ እሠራለሁ። ኤምሪስ «ደብዳቤ ከቀረ እኔ ምን ላነብ ነው?» ብሎ ደጃፍ ላይ ቆሞ ተክዟል፤ እሱም ለሾርባው ይመጣል።

አልጠይቅም ብለሻል፤ እኔ ግን ልንገርሽ። በምርጫው ቀን እዚያች ትንሽ መከለያ ውስጥ ገብቼ በሲባጎ የታሰረችውን እርሳስ ይዤ ብዙ ቆምኩ። አባባ ከኋላዬ ነበር። «ይቅር በለኝ አባባ፤ ዛሬ ለማሬድ ነው» አልኩት። በሹክሹክታ መስሎኝ ነበር። ስወጣ ተሰልፎ የቆመው ሰው ሁሉ እያየኝ ነው። አስመራጯ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «ጋሽ ኢድዋል፣ ድምፅ እኮ ምስጢር ነው» አለችኝ። ከኔ በኋላ የገቡት ስንቶቹ እኔን ሰምተው እንደ መረጡ እግዜር ይወቅ። ደግመው እስኪቆጥሩ ድረስ ነው ያልሽው አይደል? እንግዲህ እህቴን ከሥራ ያስወጣኋት እኔው ሳልሆን አልቀርም። ይህን ብዬ ስጽፍልሽ ደግሞ ሳቄ ይመጣል።

ትናንት ያን መስሚያ ከመሳቢያው አውጥቼ ባትሪ ቀየርኩለት። ገና ጆሮዬ ውስጥ ሳስገባው አፏጨ መሰለኝ፤ ፍሎስ ወጥ ቤቱ መሐል ዘፍ ብላ ተኛች። ይኸው ይህን ስጽፍልሽም እንደገና ተኝታለች። ልመጂው አልኳት፤ ቅዳሜ ቴግዌን ትመጣለች፣ ከእንግዲህ አላወልቀውም።

ወንድምሽ
ኢድዋል